ቁልፉ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው

«ልቀቀው አላልኩህም፤ እንዲዞር ተወው ነው ያልኩህ» አለች ሲስተር፣ በፋሻ የተሸፈነውን የእስረኛውን ጎን እያሳየችው። «ኩላሊቱን የቀደዱት በቀኝ በኩል ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቁስሉ ላይ ተኝቷል፤ መግል መቋጠር ጀምሯል። በግራ ጎኑ ካልተኛ ዶክተሩ እንደገና ሊከፍተው ነው።»

ጠባቂው ካቴናውን አየ። አንዱ ቀለበት የሰውየው ቀኝ እጅ ላይ፣ ሌላው የአልጋው ብረት ላይ ነው። ወደ ግራ ልዙር ቢል እጁ ወደ ኋላ ይጠመዘዛል።

«በግራ እጁ ልሰረው?»

«ግራው ላይ ግሉኮስ አለ።»

«እግሩስ?»

አንሶላውን ገለጠችለት። የሁለቱም እግሮቹ ቁርጭምጭሚት አይታይም፤ ከባት እስከ ጣት አንድ ላይ አብጠዋል። «ካቴና ቀርቶ ካልሲ አይገባውም» አለች።

ያለ አለቃ ፈቃድ ካቴና ከአልጋ አይነሳም። ጠዋት ደውሎ ጠይቆ ነበር። «አንተ ጠባቂ ነህ ሐኪም?» ተብሎ ተዘጋበት። አምና አንድ ባልደረባው እስረኛ ሽንት ቤት አስገብቶ በር ላይ ሲጠብቅ፣ ሰውየው በመስኮት ወጥቶ ሄደ። ባልደረባው ዛሬ የራሱ ጠባቂ አለው።

«አይዞህ አለቃ» አለው ሽበታሙ እስረኛ ጠባቂውን፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «በዚህ ቀሚስ የት እደርሳለሁ? ኋላው እንደሆነ ክፍት ነው።»

ሲስተር ሳቀች። ጠባቂው አልሳቀም፤ ግን ቁልፉን አወጣ። ወንበሩን በአልጋው ግራ በኩል አደረገና የብረቱን ቀለበት ፈትቶ የራሱ እጅ ላይ ቆለፈው። ቀጥሎ፣ ስልጠና ላይ ጆሮው እስኪደነቁር የነገሩትን አደረገ፦ ቁልፍ እስረኛ እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት ቦታ አይቀመጥም። ለሲስተር ሰጣትና በሩ ጀርባ ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ ከተተችለት። ከዚያ ሁለቱ ሆነው ሰውየውን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው አዞሩት።

«እፎይ» አለ ሰውየው፣ ሸክም እንደወረደለት። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ማንኮራፋት ጀመረ።

«ከተቀደደ ጀምሮ የመጀመሪያ እንቅልፉ ነው» አለች ሲስተር በሹክሹክታ። «አደራ፣ እንዳትቀሰቅሰው።» በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወደ ሌሎቹ በሽተኞች ሄደች።

ጠባቂው ያኔ ነው ነገሩ የገባው። ኮቱ ስድስት እርምጃ ይርቃል። ካቴናው አንድ ስንዝር ነው። ወገቡን ሊያቃና ሲል ሰንሰለቷ ተንቀጫቀጨች፤ እንደጎበጠ ቀረ። ሽንቱም መጣ።

ኮቱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

አስር ሰዓት ነው፤ አለቃው ነው። ለቁጥጥር ሲመጣ ከግቢው በር ሆኖ አንዴ ይደውላል። ካልተነሳለት ራሱ ወደ ፎቁ ይወጣል። የአልጋው ብረት ባዶውን፣ ቁልፉ እዚያ፣ ጠባቂው እዚህ ሆኖ ሲያገኘው ምን እንደሚል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

«ጋሼ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሦስት ቀን «አንተ» ሲለው ነበር የከረመው። «ጋሼ፣ አንዴ...»

የሰውየው አፍ ትንሽ ተከፍቷል። ግንባሩ ላይ ከርሞ የነበረው መጨማደድ ጠፍቷል። ጠባቂው ድጋሚ አልጠራውም።

ስልኩ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ደረጃው ላይ የሚያውቀው ጫማ ተሰማ፤ ከባድ፣ የማይቸኩል።

እንደ ደንቡ ቀጥ ብሎ ሊቆም ከወንበሩ ብድግ አለ። ካቴናው ተወጠረ። ማንኮራፋቱ ተቋረጠ።

ጫማው ኮሪደሩ ውስጥ ገብቷል። ጠባቂው ተመልሶ ተቀመጠና፣ ወንበሩን በእግሩ እየገፋ ሰንሰለቷ እስክትላላ ድረስ ወደ አልጋው ተጠጋ።

ማንኮራፋቱ ቀጠለ።