በአካል ቀርበው ያረጋግጡ

በመሥሪያ ቤቱ «ቁልፍ» ይሉታል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው እያሉ ይቀልዳሉ። ሥራው የሰውን መረጃ ከሌባ መጠበቅ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተረሳ መታወቂያ ካየ ባለቤቱን ፈልጎ ይቆጣል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ የማታውቁትን መልእክት አትንኩ» እያለ ያስተምራል። የሻይ ቤቷ አስተናጋጅ እንኳ ስሟን ስትጠየቅ «ለምን ፈለጉት?» ማለት የጀመረችው በእሱ የተነሳ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ገና አልጋው ላይ እንደተጋደመ ስልኩ ጮኸ። ከማያውቀው ቁጥር መልእክት ገብቷል።

«ማስጠንቀቂያ፦ የእናትዎ መታወቂያ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ነው። ዛሬ ከምሳ በፊት እናትዎ ቤት በአካል ቀርበው ያረጋግጡ። ካልቀረቡ መታወቂያው በቋሚነት ይታገዳል።»

ከሥሩ የእናቱ ስም ከነአያቷ ተጽፏል።

ቁልፍ ተነስቶ ተቀመጠ። ደጋግሞ አነበበው። የሚጫኑት ሊንክ የለውም። ቁጥር ላክ፣ ኮድ ላክ አይልም። ወደ ቁጥሩ ቢደውል አይነሳም። ምንም የማይጠይቅ ሌባ በሥራ ዘመኑ ገጥሞት አያውቅም፤ እንዲህ ያለው ከሁሉም የባሰ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። የእናቱ ጡረታም፣ አባቱ በእጁ የሠራው ቤትም የሚንቀሳቀሱት በዚያ መታወቂያ ነው። የመታወቂያው ቁጥር ሌባ እጅ ከገባ እናቱ ሳታውቀው ቤቷ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ደወለላት።

«እማዬ፣ ሰሞኑን ስለ መታወቂያሽ የጠየቀሽ ሰው አለ?»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ! ልጅሽ!»

«ልጅሽ ነኝ ያለ ሁሉ ልጄ ነው እንዴ? ድምፅ የሚያስመስሉ አሉ ብሎ ያስተማረኝ ልጄ ነው። እኔም ብሆን ስለ መታወቂያሽ በስልክ ከጠየቅኩሽ እንዳትመልሺ ብሎ አስምሎኛል።»

«እሱማ ልክ ነው፤ ግን አሁን...»

«ልጄ ከሆንክ ቤቱን ታውቀዋለህ» ብላ ዘጋችበት።

የገዛ ትምህርቱ በቁልፍ ላይ መልሶ ተቆለፈበት። ሹራቡን ገልብጦ ለበሰና ታክሲ ውስጥ ዘሎ ገባ።

መንገድ ላይ ሌባው ማን እንደሆነ ብልጭ አለለት። የእናቱ ተከራይ! ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ሁለት ስልክ ይዞ ይዞራል። እናቱ «ከወለድኩት አይተናነስም» ትለዋለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው።

ሲደርስ ተከራዩ በረንዳው ላይ ቆሟል።

«መጣህ?» አለው ተከራዩ።

«እንደምመጣ በምን አወቅህ?»

«እ... እሑድ አይደል?»

ቁልፍ ግን በእሑድ ከመጣ ወራት አልፈዋል። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

እናትየው በሩ ላይ አስቆመችው። «መጀመሪያ መታወቂያህን አሳየኝ» አለች። እየሳቀ አወጣላት። መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ከፊቱ ጋር ስታስተያይ ቆየች።

«ከስተሃል፣ የኔ ጌታ» አለች በመጨረሻ። በሩንም ለቀቀችለት።

መታወቂያዋ በመሐረብ ተጠቅልሎ ሣጥኗ ውስጥ ተገኘ። ስልኳን ፈተሸ፤ ከፊደሉ መተለቅ በቀር የተለወጠ ነገር የለም።

«ይሄን ማን ነካካው?»

«ተከራዬ ነዋ። መልእክት መጻፍም እያስተማረኝ ነው፤ አንተ ጊዜ የለህም።»

ቁልፍ የሰማው «ተከራዬ» የሚለውን ብቻ ነው። ወጥቶ የሰውየውን በር አንኳኳ።

«የእናቴን ስም ከነአያቷ ታውቃለህ?»

«የኪራይ ውሉ ላይ አለ።»

«ሁለተኛ ስልክህ የታለ?»

ተከራዩ ወደ ቤቱ መስኮት ሰረቅ አድርጎ አየ። ጆሮው ቀላ። «አውሼዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለ... ለደንበኛ።»

ቁልፍ ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ብሎ በሆዱ እየዛተ ሳለ እናቱ ከውስጥ ተጣራች። «በባዶ ሆድ ጠብ የለም! ሾርባው በረደ!»

ገበታው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቧል። ማንን ጠብቃ እንዳቀረበችው አልጠየቃትም። እየበላ የቧንቧው ጠብታ ጆሮውን በላው። ሹራቡን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለና ዕቃ ማጠቢያው ሥር ገባ። የቧንቧውን ጎማ ለወጠ። አምፖሉንም ለወጠ። እናቱ ከኋላው ቆማ ፒንሳ እያቀበለች፣ በልጅነቱ ራሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያለቀሰበትን ቀን አወራችለት። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እንዲህ ከሳቀ ስንት ጊዜው ነው! ሲመሽበት እንኳ አልታወቀውም።

ሲሰናበታት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ሰውዬ ስልክሽን እንዳታስነኪው። የመልእክቱን ባለቤት ሳልይዝ እንቅልፍ የለኝም።»

«አደራ፣ ፈልገህ አግኘው» አለችና ጉንጩን ሳመችው።

ታክሲ ተራው ጋ ሲደርስ ነፋሱ በሸሚዙ ገባ። ስልኩም ጮኸ። ያው የጠዋቱ ቁጥር ነው።

«ማስጠንቀቂያ፦ ሹራብዎን ወንበር ላይ ረስተዋል። በሚቀጥለው እሑድ ከምሳ በፊት በአካል ካልቀረቡ ሹራቡ በቋሚነት ይታገዳል። ብርድ እንዳይመታህ ቶሎ ግባ፣ የኔ ጌታ።»