እህል ሳይቀምሱ

«ጎንደር! ሁለት ሰው ጎንደር!» ይላል አንዱ ወያላ። «የሞላ ባሕር ዳር!» ይላል ሌላው። ዙፋን አባቷን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ለሁለቱም መኪና ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ወረታ መገንጠያ ደርሶ ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ መንገደኛ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«እታለም፣ የጎንደሯን ሐኪም ተዪያት ብዬሻለሁ» አለ ወንድሟ የኔነህ ከባሕር ዳር። «ጎበዝ ናት፣ ማን ይክዳል! ግን በሽተኛውን ፊት ለፊት አስቀምጣ ነው በሽታህ ይህ ነው የምትለው። እኔ ያገኘሁት ሐኪም የሚነጋገረው ከእኛ ጋር ነው። ለአባ ጨጓራ ነው ይላቸዋል፣ አለቀ።»

«የእሷ ሕክምና ይሻላል ይላሉ እኮ፣ የኔነህ።»

«አባ ካንሰር የሚል ቃል ከሰሙ ሕክምናው ሳይደርስላቸው ድንጋጤው ይጨርሳቸዋል!»

ዙፋን ስልኩን ዘጋችው። ደክሟታል። የአባቷን ጉሮሮ በመሣሪያ ያየው ሐኪም እሷንና የኔነህን ወደ ጎን ጠርቶ ከነገራቸው ወዲህማ ድካሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። መዋሸት እንዲህ ጉልበት የሚጨርስ ሥራ መሆኑን ማን ነግሯት! ሩዝ ማረም ይሻላል። ሩዝ አራሚ እንኳ ሲመሽ ወገቡን ቀና ያደርጋል።

አባቷ አያ መንግሥቴ በአገሩ የሚፈሩ ሰው ናቸው። ክፉ ሆነው አይደለም። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ስለሆኑ፣ ማለዳ ዱላቸውን ይዘው ከታዩ «በስመ አብ! ወደ ማን ቤት ይሆን?» የማይል የለም። አንድ ጊዜማ በሬ ጠፍቶባቸው ፍለጋ ቢወጡ፣ ግማሹ መንደር አልቅሶ ጠበቃቸው።

«የኔነህ ነው?» አሉ። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ጋር ከስቷል።

«አዎ አባ። ባሕር ዳር ጥሩ የጨጓራ ሐኪም አለ ይላል።»

«የጎንደሯስ?»

ዙፋን ክው አለች። የሐኪሟ ነገር እሳቸው ባሉበት ተነሥቶ አያውቅም። «እሷ... እሷ ወረፋዋ ብዙ ነው።»

«ወረፋ!» አሉ። ሊስቁ ሲሉ ሳል ቀደማቸው። «ነይ እስቲ፣ ተቀመጪ።»

አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን መርዶ ሳረዳ የኖርሁ ሰው ነኝ። ክፉ ወሬ የያዘ ሰው ሁኔታው አይጠፋኝም። የኔነህ እንዴት አደሩ ማለቱን ትቶ አይዞዎት ማለት ከጀመረ ሰነበተ። አንቺም ገበታ ላይ ቀና ብለሽ አታዪኝም። የተኛሁ መስሎሽ ስለ ጎንደሯ ሐኪም በስልክ ስታወሪም ሰምቻለሁ። ጎረቤቱ ሊጠይቀኝ ይመጣና ስለ ሩዙ አውርቶ ይሄዳል። የታመመ ሰው ዘንድ መጥቶ ሕመሙን የማያነሣ ምን የሚሉት ጠያቂ ነው?»

«አባ፣ እኛ እኮ...»

«እናንተማ አሳዘናችሁኝ። መርዶ እንዲህ አይያዝም። ያሳደሩት መርዶ ያዡን ነው የሚበላው። የታመምሁት እኔ፣ የመነመንሽው አንቺ!»

የጎንደሩ ወያላ እየሮጠ መጣ። «እናቴ፣ ትሄዳላችሁ? ሁለት ሰው ነው የቀረኝ!»

«እንሄዳለን» አሉ አያ መንግሥቴ፣ ዙፋን አፏን ሳትከፍት። «ትንሽ ታገሠን።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ስለ ሕመሜ እኔን የማያናግር ሐኪም ምኔን ያክማል? ወደምትናገረዋ ውሰጅኝ። ግን ከእሷ አፍ መስማት አልፈልግም። መርዶ ከባዳ አይሰማም። አንቺ ንገሪኝ።»

«አሁን? መንገድ ላይ?»

«መንገድ ላይ።»

«አልችልም አባ። በማርያም አልችልም።»

«ትችያለሽ። እኔ እንዴት ነበር የማደርገው?»

እንዴት እንደሚያደርጉማ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ያደገችው ነገር ነው። «መጀመሪያ ሰውየውን ያስቀምጡታል» አለች፣ እንባዋ እየቀደማት።

«ተቀምጫለሁ።»

«እጁን ይይዙታል።»

«እሺ። ሌላስ?»

«እህል ሳይቀምስ አይነግሩትም...» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እህል! ዛሬ ጠዋት እንኳ ያን ቀጭን የሩዝ አጥሚት አንድ ጉንጭ ሞክረው መልሰውታል። ውኃውም ቢሆን በስንት ትግል ነው የሚወርደው።

አያ መንግሥቴ እግሯ ሥር ያለውን የአጥሚቱን ፔርሙዝ አዩት። «ቅጂልኝ።»

«ያምዎታል አባ። ይተዉት፣ እነግርዎታለሁ፣ ዝም ብዬ እነግርዎታለሁ።»

«ማንም ቤት ሥርዓቱን ሳልጠብቅ ነግሬ አላውቅም። ቅጂ።»

ቀዳችላቸው። ጥቂት ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። አማተቡና ተጎነጩ። ዓይናቸው ተጨፈነ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፤ ኩባያ ያልያዘው እጃቸው የአግዳሚውን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ። ወያላው «እናቴ፣ ቶሎ በሉ እንጂ!» ሊል አፉን ከፍቶ፣ አያቸውና ተወው። ጉሮሯቸው ወደ ላይ ወጣ። ቆመ። ዙፋን አብራቸው ዋጠች። ወረደ።

ዳግመኛ ተጎነጩ። ደግመው ታገሉት። ከዚያም ትንሽ ልጅ ወተቱን ሲጨርስ ለእናቱ እንደሚያሳየው ኩባያውን ደፍተው ባዶነቱን አሳዩአት።

«ይኸው፣ በላሁ» አሉና እጃቸውን ዘረጉላት።