በፈለጉት ሰዓት

«በፈለጉት ሰዓት ይመገቡ» ይላል የመዝናኛ መርከቡ ወረቀት። ጡረታ የወጣው ሥራ አስኪያጅ ግን ምግብ ቤቱ በር ላይ ተገትሮ ተራ መጠበቅ ከጀመረ ሃምሳ ደቂቃ አልፎታል።

ይበልጥ ያበገኑት አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጡት ፈረንጅ ባልና ሚስት ናቸው። አስተናጋጇ ከሌላ ሰው ጋር ይቀመጡ እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ «አይ፣ የራሳችን ጠረጴዛ እስኪገኝ እንጠብቃለን» አሏት።

«ኤዲያ! እነዚህ ደግሞ ሰው ናቸው?» አለ በሆዱ። ሰው አጠገባቸው ከሚጎርስ በረሃብ ቢደርቁ የሚመርጡ ጉዶች!

«እኔ ከማንም ጋር እበላለሁ» አላት አስተናጋጇን፣ እነሱም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኛ አገር ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው።»

ደስ አላት። «እንግዲያውስ አንድ ያገርዎ ሰው አሉ። ‹ብቻዬን አልበላም፣ ሰው ፈልጊልኝ› ብለውኛል» ብላ በተከፈተው በር በኩል አሳየችው።

ዳምጤ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሹፌሩ የነበረው፣ እሱ ሆቴል ገብቶ ሲበላ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው የነበረው ዳምጤ፣ ሙሉ ልብስ ግጥም አድርጎ! ዳምጤም አየው። ፊቱ በደስታ በርቶ ብድግ አለና ወንበር ሳበለት።

«ጋሼ! ኧረ ኑ፣ እንብላ!»

ሰውየው ፊቱን አዞረ።

«የራሴ ጠረጴዛ እስኪገኝ እጠብቃለሁ» አላት።

«ሌላ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ጌታዬ።»

ባልና ሚስቱ ጠጋ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁለት።