የኮኩ ውሃ

ለገጣፎ ውስጥ የኔን ያህል ግቢ ያሳመረ ሰው የለም። ሰው ያልታጠበበት ውሃ ተክል ላይ እንዳይፈስ ከተከለከለ ወዲህ፣ ንድፍ የምጀምረው ከመሬቱ ሳይሆን ከቤተሰቡ ነው።

"እዚህ ቤት ስንት ሰው ይታጠባል?" አልኳቸው፣ ግቢያቸውን እንድሠራላቸው የጠሩኝን ጋሽ ወንድይፍራውን።

"አምስት ነን። ሣር፣ ጽጌረዳ፣ አንድ ኮክም እፈልጋለሁ።"

ገመዱ ላይ የተሰጣው ፎጣ ግን አንድ ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ በአንድ ሰው ውሃ ይሄ ሁሉ ይደርቅብዎታል።"

"ልጆቹ ይመጣሉ ብዬ ነው" አሉ ፎጣውን እያዩ።

ሣሩንና ጽጌረዳውን ከንድፉ አወጣሁ። ኮኩን ግን ጓሮ መትከሉን ትቼ በረንዳው ሥር፣ እንግዳ እጁን በሚታጠብበት ቦታ ተከልኩት።

"ይሄ አይሞትብዎትም" አልኳቸው። "ብቻ ሰው ይጥሩ።"

ዕቃዬን ስሰበስብ ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ።

"ምሳ ቀርቧል፤ ታጠቢ።"

ደንበኛ ቤት የመብላት ልማድ የለኝም። እጄን ግን ኮኩ ላይ ዘረጋሁ። ጭቃው ከለቀቀ በኋላም ማፍሰሳቸውን አላቆሙም፤ እኔም እጄን አልሰበሰብኩም።