የማያስነጥስ ደብዳቤ

ኑርሁሴንና አያሌው በአንድ ቦይ ግራና ቀኝ የሚያርሱ ጎረቤታሞች ነበሩ። ቦዩ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ይወርዳል። አንድ ክረምት ጎርፉ በርትቶ ቦዩ መንገዱን ሳተና የኑርሁሴንን ማሳ ጫፍ ቆርሶ ወደ አያሌው በኩል ጣለው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሐይቅ ከተማ ፍርድ ቤት ይካሰሱ ጀመር።

ላይነጋገሩም ተማማሉ። ስልክማ ሁለቱም ኪስ ውስጥ ነበር፤ ግን በስልክም ቢሆን መነጋገር መነጋገር ነው። ስድብ ደግሞ ሆድ ውስጥ አያድርምና በደብዳቤ ይሰዳደቡ ነበር። አያሌው በልጁ በደሳለኝ ይልካል። ኑርሁሴን ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ልጁ ኢልሀም ታነብለታለች፤ መልሱንም እየነገራት ትጽፋለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ወረቀቱንም ሞኝነቱንም ይዘው ከረሙ።

አያሌው ሱረት ወዳድ ነበር፤ የትንባሆው ብናኝ ከሚጽፍበት ወረቀት አይጠፋም። ደብዳቤው ገና ሲገለጥ ኑርሁሴንን ያስነጥሰዋል፤ ከዚያ ያናድደዋል።

«ከነሱረቱ ላከው ደግሞ! አንብቢ እስቲ፣ ይሄ ሌባ ምን ይላል?»

ኢልሀም ታነባለች፣ እሱ ይራገማል፣ ደስ ብሎትም ይውላል።

አምና ግን ኑርሁሴን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለውና አልጋ ላይ ቀረ። ሐኪሙ ኢልሀምን ወደ ጥግ ወስዶ «የሚያስደነግጠው ነገር እንዳታሰሙት» አላት። ኑርሁሴን ሰማ። የታመመው ዓይኑ እንጂ ጆሮው አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ይፈራ ነበር፤ ክሱን ተረትቶ እንዳይደብቁት። ሳይሞት ያቺን የማሳ ጫፍ ማስመለስ ነበር ምኞቱ።

የግሸን ንግሥ ባለፈ ሰሞን አንድ ቀን መንደሩ ጭር አለ። ውሃ ጠምቶት ተጣራ፤ የመለሰለት አልነበረም። ኢልሀም አመሻሽ ላይ ስትገባ ድምጿ ተዘግቷል።

«የት ነበርሽ?»

«ጤና ጣቢያ። ጉንፋን ይዞኝ።»

«ሰዉስ ሁሉ ጉንፋን ያዘው?»

«ኧረ ገበያ ነው፣ አባዬ።»

ቀኑ ገበያ አልነበረም። ኑርሁሴን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላስል አደረ። መንደሩን አንድ ሳያስቀር የሚያስወጣ ምንድን ነው? ምስክርነት! አያሌው ሰዉን ሁሉ ይዞበት ችሎት ቀርቧል።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዎቹ ተለወጡ። «ሌባ» ቀረና «ጤናህ እንዴት ነው? እህል ትቀምሳለህ ወይ?» መጣ። «የክሱ ቀጠሮ ተራዘመ» ትለዋለች ኢልሀም በየጊዜው። የደሳለኝም ድምፅ ከደጅ ጠፋ፤ ደብዳቤውን ይዛ የምትገባው ራሷ ኢልሀም ሆነች።

አንድ ከሰዓት በኋላ «አምጪው» አላት። ወረቀቱን በደህናው እጁ ተቀብሎ አፍንጫው ላይ ለጠፈው። ደጋግሞ ሳበ። አላስነጠሰውም።

«ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

ኢልሀም ወረቀቱን ከእጁ ልትወስድ ሞከረች።

«የአያሌውን ደብዳቤ የት አደረግሽው? ከደሳለኝ ጋር ተሞዳሙደሽ ነው መሬቴን ያስበላሽኝ?»

«ወላሂ አይደለም!»

«ወላሂም ትያለሽ! በሬ ካራጁ ይውላል አሉ። እኔም ካንቺ ጋር ዋልኩ።»

ኢልሀም አለቀሰች። ኑርሁሴን ተነስቶ ሊመታት አልቻለም፤ ሊያባብላትም አልቻለም። ሄዶ ነገሩን እንዳያጣራ ቦዩ ከደጁ ቢሆንም ለእሱ ከመካ ይርቃል። ልቅሶዋን ሲሰማ ቆይቶ ንዴቱ በረደ። ደከመው፤ ክሱም መሬቱም ደከመው።

«በቃ፣ እንደተረታሁ ገብቶኛል» አለ። «ቁራጯን ይውሰዳት፤ ለቅቄለታለሁ። ስድቡ ግን ናፈቀኝ። ራሱ ይምጣና ይስደበኝ። ሂጂ ንገሪው።»

«አባዬ፣ እንዴት ብዬ…»

«በአፍሽ! ደብዳቤ ይብቃን። መንገርሽን ማዪልኝ።»

ኢልሀም እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ወላሂ እነግራቸዋለሁ» አለችና ወጣች።

ቦዩን ተሻግራ፣ የአያሌውን ቤት አልፋ፣ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጣች፤ አፈሩ ደርቆ ከተሰነጠቀ አንድ መቃብር አጠገብ ጫማዋን አወለቀችና «ጋሼ አያሌው፣ አባዬ መሬቱን ለቀውልዎታል፤ ይምጣና ይስደበኝ ብለዋል» አለች።