የነፍስ አባቷ ምስክርነት

«ምስክሩን ጠይቂያቸው እንጂ» አላት ዳኛው። የባሏ ጠበቃ ለምስክርነት ያቆማቸው ቄስ የእሷ የነፍስ አባት ነበሩ። «አዎ፣ ከባሏ ቤት ወጥታ ሄዳለች» ብለው በመሐላ ተናግረዋል። ጠበቃውም፣ «ልጆቿን ጥላ የሄደች እናት ናትና ለአባታቸው ይሰጡልን» ብሎ ተቀምጧል። እሷ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች። ዳኛው መጠየቅ ያለባትን ያውቅ ነበር፤ ጥያቄው ምላሱ ላይ ደርሷል። ጠበቃ የሌለው ሰው ፊቱ በቆመ ቁጥር እንዲህ ነው፤ ቢነግራት አዳላ፣ ዝም ቢል በደለ።

ድንገት የቆመችበትን የተከራካሪ ሳጥን ትታ ወደ ቄሱ ሄደች። የነፍስ አባቷን መስቀል ሳትሳለም ማናገር አልሆነላትም ነበር። ጎንበስ ስትል ጠበቃው ብድግ አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክር ተጠግቶ መጠየቅ አይፈቀድም!» ዳኛው ተመለሽ ሊላት እጁን አነሳ። እሷ ግን ግንባሯን ከመስቀሉ ሳታነሳ፣ «አባቴ፣ የዚያን ለት ወዴት ሄድኩ?» አለች።

«እኔ ቤት።»

«ልጆቼስ?»

ቄሱ መስቀሉን ከግንባሯ ሳያነሱ ጠበቃውን አዩት። «አንዱን አዝለሽ፣ አንዷን በእጅሽ ይዘሽ ነው የመጣሽው። እስካሁን ይህን የጠየቀኝ የለም።»

ዳኛው ያነሳውን እጅ አውርዶ ብዕሩን ያዘ። «አባ፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ። ቃል በቃል ልጻፈው።»