ልጄን መልሱልኝ

ልብስ ሰፊዋ ያን ሐሙስ ሱቋን ገና በዘጠኝ ሰዓት ዘጋች። ግማሹ የተሰፋ የሙሽራ ቀሚስ ከመኪናው መርፌ ሥር እንዳለ ትታው ወጣች። በሃያ ዓመት ሥራዋ የደንበኛ ቀጠሮ አጥፍታ አታውቅም። ዛሬ ግን ነገሩ የልጅ ነገር ነው።

ያለቻት አንዲት ልጅ ናት። የሒሳብ አስተማሪ፣ ቁጥብ፣ ከእናቷ ቃል ወጥታ የማታውቅ። ከአራት ወር ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምትሄድ አትናገርም። ስልኳ ሲጮህ ወደ ጓዳ ትገባለች። እናትየው ስትጠጋት ቶሎ የምትከድነው ሰማያዊ ደብተር አላት። አብረው የሚጸልዩበትን ጉባኤ "አሞኛል" እያለች መቅረት ጀመረች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልብሷን በሁለት ቦርሳ ከትታ፣ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ቤት ተከራየች።

"ማነው ያጣመመሽ?" አለቻት እናቷ በሩን ይዛ።

"ማንም አላጣመመኝም፣ እማዬ። የሚያዳምጡኝ ሰዎች አግኝቼ ነው።"

"እኔ አላዳምጥሽም?"

ልጅቷ እናቷን አቀፈቻት፣ ከወትሮው ረዘም አድርጋ ያዘቻት፣ ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ የምታማክረው ዘመድ የላትም። ከታላቅ እህቷ ጋር ከተቆራረጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የቀራት የጉባኤያቸው መምህር ነው፤ ባሏ የሞተ ሰሞን ከሁሉ ቀድሞ የደረሰላት ሰው። ሄዳ ሁሉንም ነገረችው። መምህሩ ፊቱ ጠቆረ።

"እንዲህ ያሉትን አውቃቸዋለሁ" አላት። "የበግ ለምድ የለበሱ ናቸው። ልጅን ከእናቱ ይነጥላሉ። አንቺ ግን እንዳትሄጂ። እኔ እጸልይበታለሁ።"

ሁለት ቀን ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን አንጀቷ አልቻለም። አድራሻውን ከልጇ ባልደረባ ለምና ተቀበለች። የመምህሩን ቃል ስታፈርስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ልቧ ፈራ፤ እግሯ ግን እምቢ አለ፣ ወደፊት ወሰዳት።

ቦታው ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው የቀለም ሽታ አለው። በሩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ጆሮዋን አስጠጋች። ውስጥ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። አንድ የወንድ ድምፅ ደግሞ፣ "በርቺ፣ ሁሉንም አውጪው፣ ምንም አታስቀሪ" ይላል።

ደሟ ፈላ። ሳታንኳኳ በሩን ገፍታ ገባች።

ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። የብዙዎቹ ዓይን ቀልቷል። አንድ ጺማም ሰው፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ የለበሰ፣ ወንጌል ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ልጇ ከጎኑ ናት። በሌላ ወገኗ የተቀመጠች አንዲት ሽበታም ሴት እጇን ይዛታለች።

"ልጄን መልሱልኝ!"

ሰውየው ብድግ አለ። "ይግቡ፣ እናቴ። ወንበር አለ..."

"ወንበርህ ይቅርብኝ!"

አንድ ወጣት ሊያረጋጋት ተነሣ። ልጅቷ ክንዱን ያዘችው። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

"ተዋት" አለች። "ትናገር።"

ልብስ ሰፊዋም ተናገረች። ስንት ዘመን ተጠራቅሞ እንደነበር ራሷም አታውቅም።

"አውቃችኋለሁ እኮ! ሰው ሲያዝን ጠብቃችሁ ትመጣላችሁ። ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ፣ ታባብላላችሁ፣ 'ከእንግዲህ ቤተሰብሽ እኛ ነን' ትላላችሁ። ሴቲቱ አምናችሁ ስትጠጋ፣ 'ምን ለበስሽ፣ ማንን አነጋገርሽ' ይመጣል። ጥያቄ ስትጠይቅ፣ 'የዓመፅ መንፈስ አለብሽ' ይባላል። እህቷ ብትደውል፣ 'አታንሺ፣ ሰይጣን ነው የሚደውለው' ይባላል! ልሂድ ብትል፣ 'ከዚህ የወጣ መቅሠፍት ይወርድበታል' ብላችሁ እንቅልፍ ትነሷታላችሁ!"

ልጇ እህት እንደሌላት ትዝ ያላት ከተናገረች በኋላ ነው። ለመታረም ግን ጊዜ አልነበራትም፤ ቃሉ እየገፋ ይመጣል።

"ጌታዬ ማንንም አስሮ አልያዘም! ያ ሀብታም ወጣት አዝኖ ሲሄድ በፍቅር ዓይን አየው እንጂ በር አልቆለፈበትም። ብዙዎቹ ጥለውት ሲሄዱ የቀሩትን፣ 'እናንተስ መሄድ ትፈልጋላችሁ?' አላቸው። ጠየቃቸው! አምላክ ሆኖ ጠየቃቸው! አንተ ማን ስለሆንክ ነው የማትጠየቀው? በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ማን ገትሮህ ነው? እንደ እኔ ጉንፋን የሚይዝህ፣ እንደ እኔ የምታስነጥስ ሰው ነህ! አልፈራህም! ሰማህ? ከእንግዲህ አልፈራህም!"

ትንፋሽ አጠራት። ገፍተው እስኪያስወጧት ጠበቀች። እጇን ጨብጣ፣ እግሯን ተክላ ጠበቀች።

ማንም አልተቆጣም። ጺማሙ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ወጣቱ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። ልጇ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ ይወርዳል፤ ግን ፈገግ ብላለች።

ሽበታሟ ሴት ተነሥታ መጣች፤ የልብስ ሰፊዋን የተጨበጠ እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

"እህቴ" አለቻት ቀስ ብላ፣ "አንቺስ ከመምህሩ ጉባኤ ከወጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"